ለእማዬ፣ ከኦበራመርጋው

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ በቁመት በልጦኛል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ እስኪበቅሉ ድረስ ፎቶዋን ለእማማ እንዳልልክ ከልክላኛለች።

ባለፈው በስልክ «ያለሽበት አገር ቤተ ክርስቲያን አለው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ መስመሩ ተቋረጠ። አለው እማዬ። ኦበራመርጋው በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ ተራሮች ሥር ያለች፣ ነዋሪዎቿ ከ5,000 ጥቂት የሚበልጡ መንደር ናት። አመር የሚባል ወንዝ ያልፍባታል። ከበላይዋ ኮፈል የሚሉት 1,342 ሜትር ከፍታ ያለው ሹል ተራራ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ መስቀል ተተክሎበታል። የብዙዎቹ ቤቶች ግድግዳ በውጭ በኩል ሥዕል ተሥሎበታል፤ የቅዱሳን ሥዕልም ሞልቷል። የመንደሩ ሰዎች ከጥንት ጀምረው የክርስቶስን ስቅለት ከእንጨት በመቅረጽ ይታወቃሉ። አንቺ ብትሆኚ ደጃፍ ደጃፉን እየተሳለምሽ ገበያ የምትደርሺ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለግሁት ግን የስለታቸውን ነገር ነው። በፈረንጆች 1633 በአካባቢው ወረርሽኝ ሲገባ መንደርተኛው መግቢያውን በዘበኛ አስጠበቀ። እንደሚተረከው፣ ሌላ መንደር ለሥራ የከረመ ካስፓር ሺስለር የሚባል ሰው፣ ለበዓል ቤተሰቡ ናፍቆት በሌሊት ዘበኞቹን አልፎ ገባ። በሽታውም አብሮት ገባ። ከ80 በላይ ሰው አለቀ ይባላል። የተረፉት፣ መዓቱ ቢመለስላቸው በየ10 ዓመቱ የጌታን ሕማማት በትያትር ሊያሳዩ ተሳሉ። በ1634 በሟቾቹ መቃብር ላይ መድረክ ሠርተው ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም የልጅ ልጆቻቸው ይከፍላሉ። ከመንደሩ ወደ 2,000 ሰው ይሳተፍበታል። ወንዶቹ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምረው ጸጉርና ጢማቸውን ያሳድጋሉ።

በዚያ ሰው አልፈርድበትም። ናፍቆት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ታዲያ ይህ ሕዝብ ስለቱን ያስተላለፈበት ጊዜም አለ። የ1920ውን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት መከራ ስላላገገመ በ1922 ከፈለ። የ2020ውን ደግሞ በኮሮና ምክንያት በ2022 አሳየ። ዘገየ እንጂ ቀረ አላሉም። የቁልቢንም እንዲሁ እዪልኝ፣ እማዬ። ስለቱ ስለ እኔ የተሳልሽው ነው። ሐኪሙ ረጅም መንገድ ከልክሎሽ ሳለ ለሐምሌ 19 እነሣለሁ ማለትሽን ሰምቻለሁ። የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ከአንቺ አይደለም።

አባዬ ያረፈው በዚያው በኮሮናው ዓመት ነው። መንገዱ ተዘግቷል፣ ብትሰማ ምን ታደርጋለች ብላችሁ መከራችሁ። በደወልሁ ቁጥር «ተኝቷል» ትይኝ ነበር። ካፖርት ልገዛለት ቁጥሩን ጠየቅሁሽ፤ ነገርሽኝ። እኔ መርዶ የተነገረኝ አርባው ከወጣ በኋላ ነው። አንቺ ጠላ ጠምቀሽ፣ ጭስ ዓይንሽን እየበላው ያስተማርሽኝ እናቴ ነሽ፤ ልወቅስሽ አይገባኝም እያልሁ ዓመታት አለፉ። ግን እወቅስሻለሁ። ካፖርቱ አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ በደወልሁ ቁጥር «ደህና ነኝ» ብለሽ ስልኩን ለታናሼ ትሰጪዋለሽ። እሱም ዝናቡንና የጤፉን ዋጋ ያወራኛል። እማዬ፣ እኔ ክፉ ወሬ መሸከም እችላለሁ። የማልችለው ሁለተኛ በ«ተኝቷል» መታለልን ነው።

ታናሼ ይህን ሲያነብልሽ እዚህ ላይ እንዳይዘል። የምርመራውን ውጤት ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ። አገር ውስጥ የታጣ መድኃኒት ካለ ስሙን ከነመጠኑ አጥርቶ ይጻፍልኝ። የላክሁት ገንዘብ ለሕክምና ነው፤ ለጣሪያው ሌላ እልካለሁ። ከሥራ ለታኅሣሥ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ሐኪሙ ከፈቀደልሽ ለ19ኙ ቁልቢ አብረን እንሄዳለን፣ ካልፈቀደ እኔ ስለቱን አድርሼልሽ እመለሳለሁ። እስከዚያ ጨው ቀንሺ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ፤ ስልኩን አንቺ ያዢው።

ልጅሽ