የአቃቂ ልጆች ሐዲድ ላይ በጋሪ እንዲሄዱ አግዙን

አባቴ የምድር ባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። በ1980 ከአቃቂ ጣቢያ አሳፍሮ እስከ አዋሽ ወሰደኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ተለጥፌ አልነሳም አልኩ። መጀመሪያ የአቃቂን ወንዝ ከኋላችን ተውን። ከዚያ ዱከም፤ በግራ የረር፣ በቀኝ ዝቋላ። ሞጆ ላይ ሴቶች የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በመስኮት ያቀብሉን ነበር። ከአዳማ በኋላ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ ሹራቤን አወለቅኩ። መተሐራ ላይ ሐዲዱ የበሰቃን ሐይቅ ጥግ ይዞ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል አለፈ። አዋሽ ስንደርስ አባቴ እጄን ይዞ ገደሉ አፋፍ ላይ አቆመኝ። ወንዙ እታች እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። «እዚህ ውስጥ የኛም የአቃቂ ውኃ አለበት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የአቃቂ ወንዝ የሚገባው አዋሽ ነው።

ዛሬ ያ ባቡር በሰፈራችን አያልፍም። ልጆቻችን ለገሃርን የሚያውቁት የታክሲ መውረጃ ሆኖ ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት እንደሆነ የሚነግራቸውም የለም። መስመሩ ግን በስንት ልፋት ነው የመጣው! አጼ ምኒልክ ፈቃዱን በ1886 ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

«አዲሱ ባቡር በድሮው ሐዲድ ለምን አይሄድም?» የሚሉኝ አሉ። አይችልም። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ በ2009 የተመረቀው ግን 1,435 ሚሊ ሜትር።

እኛ ያሰብነው ትንሽ ነገር ነው። ከእድራችን ግቢ ጀርባ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ ቦታ አለ። እዚያ 200 ሜትር ሐዲድ እንዘረጋለን፣ ልክ እንደ ድሮው በ1 ሜትር ስፋት። ላዩ ላይ ስምንት ልጅ የሚይዝ፣ በእጅ የሚገፋ ጋሪ ይሄዳል። እነ አባቴ መስመሩን የሚፈትሹት እንዲህ ባለ ጋሪ ነበር። ወንዙ አሁን እንደሚሸት እናውቃለን፤ የከተማው ቆሻሻ ይወርድበታል። ልጆቹ በየሳምንቱ እያዩት ካላደጉ ግን ማን ሊቆረቆርለት ነው? በሐዲዱ ዳር ግራርና ወይራ እንተክላለን።

የምንቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐዲድ ማንጠፍ የሚያውቁ አራት ጡረተኞች በእድራችን ነበሩ። አንዱን ባለፈው የካቲት ቀበርን። የቀሩት ሦስቱ ሥራውን ያለ ክፍያ ሊመሩልን፣ ወጣቶቹንም ሊያስተምሩ ቃል ገብተዋል። ጉልበት አለን። ያጣነው ገንዘብ ነው። አብዛኛው ለብረቱ ይወጣል፤ ቀጥሎ ለፍሬኑና ለአጥሩ። ቦታው ትንሽ ቁልቁለት ስላለው በፍሬን አንቀልድም።

ከ100 ብር ጀምሮ የቻላችሁትን ስጡ። ክፍያው በእድሩ ገንዘብ ያዥ በኩል ነው፤ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። ገቢና ወጪው በየወሩ በስብሰባ ላይ ይነበባል። ውጭ አገር ያላችሁ የአቃቂ ልጆች በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። ብየዳ የምትችሉ አንድ ቀን ስጡን። ቤታችሁ የድሮ ትኬት ወይም ፎቶ ካለ ኮፒውን አድርሱን፤ ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን። አንድ ነገር ግን እንለምናችኋለን፦ የመጣበት ያልታወቀ አሮጌ ሐዲድ አታምጡ። ከመስመሩ የተነቀለ የሀገር ንብረት ከሆነ አንነካውም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ግቢው ክፍት ነው። ከሦስቱ አባቶች አንዱ የሐዲድ ስፋት የሚለኩበትን ብረት እስካሁን አልጋቸው ሥር ነው የሚያስቀምጡት። ቅዳሜ ይዘውት ይመጣሉ።