ጉዳዩ፦ «ከገባ ይሠራል» ተብዬ የተመለስኩበትን የፊት ፍሬን ዲስክ ይመለከታል

ለመለዋወጫ መሸጫ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

የግዥውን ዝርዝር፣ የደረሰኙን ቁጥርና የቶዮታ ኮሮላ መኪናዬን ሊብሬ ቅጂ ሠራተኞቻችሁ በየመጣሁበት ቀን ስለሚቀበሉኝ እዚህ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ሰኞ ከቀትር በኋላ በሽያጭ ክፍላችሁ መስኮት የተሰጠኝ መልስ ነው፤ ያ መልስ በእርስዎ ዕውቀት የተሰጠ ከሆነ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ፣ ካልሆነም እንዲያርሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከመኪናዬ የፈታሁትን አሮጌ ዲስክና ከእናንተ ከገዛኋቸው ከሁለቱ አዲሶች አንዱን በጆንያ ጠቅልዬ አመጣሁና ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የአሮጌው ዲያሜትር 275 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ ደግሞ 255 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ለማየት መለኪያ እንኳ አያስፈልግም፣ አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ይበቃል። ሠራተኛችሁ ግን ወደ ዲስኮቹ ሳይመለከት፣ ዓይኑንም ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ጋሼ፣ ሞዞው ላይ ገብቷል?» አለኝ፤ ሞዞ የሚለው ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበትን የሚሽከረከር ማዕከል ነው። መግባቱን ገብቷል፣ የብሎኖቹም ቀዳዳ ልክ ነው፣ ነገር ግን ብዬ ሳልጨርስ «እንግዲህ ከገባ ይሠራል» ሲል ቆረጠኝ። ፍሬን ሲያዝ ዲስኩን የሚጨብጠው ሸራ ከዲስኩ ጠርዝ ውጭ እንደሚንጠለጠል ላስረዳው ስጀምር ደግሞ «ቤትዎ ፍሬን ከሚፈቱ ጋራዥ ቢወስዱት ይሻል ነበር» ብሎ ከኋላዬ የቆመውን ደንበኛ ጠራ። «ጋሼ» ማለቱ ንግግሩን አላለዘበውም።

ጫማ እግር ስላስገባ ልኬ ነው አይባልም። በ20 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዲስክ በዙሪያው በኩል 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎድላል፤ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ግን የተሠራው ለትልቁ ዲስክ በመሆኑ ሸራውን የሚይዘው በቀድሞው ቦታ ነው፣ ስለዚህ የሸራው የላይኛው ክፍል ብረት ሳይነካ አየር ላይ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ቢነዳ ዲስኩን የሚነካው ክፍል እየተበላ ሲሄድ ያልነካው ክፍል እንደ ከንፈር ተርፎ ይወጣል፣ ከጊዜ በኋላም ከዲስኩ ውስጥና ውጭ ያሉት የሁለቱ ሸራዎች ከንፈሮች እርስ በርስ ተገናኝተው ፍሬኑ ዲስኩን በሙሉ ኃይል እንዳይጨብጥ ያደርጋሉ። በዚህ ላይ የሚነካካው ስፋት ስለሚያንስ ሙቀቱ ይበረታል። ቤቴ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ መሆኑን፣ መኪና ሲቆምም አብዛኛው ሸክም በፊት ፍሬን ላይ እንደሚወድቅ ሳስብ «ይሠራል» የሚለውን ቃል ማን በኃላፊነት እንደሚፈርምበት ለማወቅ እፈልጋለሁ።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ይህ ስሕተት እንዳይፈጠር አስቀድሜ መጠንቀቄ ነው። ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን በቴሌግራም ላክሁላችሁ፤ የላካችሁልኝ መልስም አሁን ድረስ ስልኬ ላይ አለ፦ «በሻንሲ ቁጥሩ አረጋግጠናል፣ ልኩ ካልሆነ በማግስቱ ያለ ክርክር እንቀይራለን።» ይህን መልእክት ለሠራተኛው ሳሳየው «ይሄን የጻፈው ሌላ ልጅ ነው» አለኝ። እኔ ቃል የተገባልኝ ከድርጅቱ እንጂ ከልጁ አይደለም።

ክፍል ኃላፊው ዘንድ ስደርስ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨመረ፤ ዲስኩ ላይ የነበረው ዘይት ስለተጠረገ ዕቃው «ያገለገለ» ሆኗልና አይመለስም ተባልኩ። ይህ ዘይት ዲስኩ በመጋዘን እንዳይዝግ የሚቀባ ሲሆን ከመገጠሙ በፊት የግድ መጠረግ አለበት፣ አለዚያ ሸራውን ያበላሸዋል። ጠረግሁት፣ ሞዞው ላይ አስቀመጥሁት፣ ካሊፐሩን መልሼ ሳስጠጋው ልኩ አለመሆኑን አይቼ አወጣሁት፤ መኪናው አንድ ሜትር እንኳ አልተንቀሳቀሰም። የተነዳ ዲስክ የሸራ ምልክት ይታይበታል፣ ይህ ግን አይታይበትም። ኃላፊው ይህን ለማየት ዲስኩን ወደ ብርሃን ማዞር ብቻ ይበቃው ነበር።

ቤት ውስጥ መሥራቴ እንደ ጥፋት ስለተቆጠረ አንድ ነገር ልበል። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በካቫሌቶ፣ ማለትም መኪናን ደግፎ በሚይዝ የብረት መቆሚያ ላይ ቆሟል፤ ካሊፐሩ በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ ታስሯል፤ የዛገውን አሮጌ ዲስክ ከሞዞው ያላቀቅሁትም በመዶሻ እየደበደብኩ ሳይሆን ቶዮታ ለዚሁ ሲል በዲስኩ ላይ ባበጃቸው ሁለት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች ውስጥ ብሎን አስገብቼ ሁለቱንም በእኩል በማጥበቅ ነው። የጎማውን ዳዶዎችም ብትጠይቁኝ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች) በ103 ኒውተን ሜትር አጠብቃለሁ። አሮጌውን ዲስክ መልሼ እንዳልነዳ የሚከለክለኝ ደግሞ እላዩ ላይ የተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት 23 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ ልኬቱ 22.4 መሆኑ ነው። ስለዚህ መኪናው ያለ ፊት ጎማ ግቢዬ ውስጥ ተሰቅሎ እናንተን ይጠብቃል።

ነገሩ ከተነሣ አይቀር፣ የሸራው ካርቶን ውስጥ መኖር የነበረባቸው መያዣ ክሊፖች አልነበሩም፣ የካርቶኑም ማሸጊያ ቀድሞ የተከፈተ ነበር። ደረሰኙ ላይ የዲስኩ ልክም ሆነ የመለያ ቁጥሩ ሳይጻፍ «የፍሬን ዕቃ» ተብሎ ብቻ ታልፏል፤ ከግርጌው ያለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማኅተም ግን በጣም ይነበባል። የስልክ መስመራችሁ የሚነሣው ዕቃ ለመግዛት ሲደወል ነው። ባለፈው ዓመት የአየር ማጣሪያ በገዛሁ ጊዜም ከሌላ ሞዴል ተሰጥቶኝ ዝም ብዬ አልፌው ነበር፤ ማጣሪያ ስለነበር አለፍኩት፣ ፍሬን ግን የሚታለፍ አይደለም።

በመጀመሪያ የመጣሁት ትክክለኛውን ዲስክ ወስጄ ልሄድ ብቻ ነበር። አሁን ግን ከእናንተ የገዛኋቸው የሁለቱም አዳዲስ ዲስኮችና የሸራዎቹ ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ጨምሮ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ መኪናዬ በመቆሙ ለታክሲ ያወጣሁት እንዲታሰብልኝ፣ በመስኮቱ ላይ ስለተነገረኝም ቃል የጽሑፍ ይቅርታ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ «ነገ ይምጡ» እየተባልኩ የተመላለስኩት ይህ ጊዜ እንዲያልፍ ታስቦ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በእጄ አስገብቼ በግልባጩ ላይ የመዝገብ ቤታችሁን ማኅተም አስመታለሁ።

እስከ መጪው ዓርብ የሥራ ሰዓት መጨረሻ ድረስ መልስ ካላገኘሁ አሮጌውንና አዲሱን ዲስክ ከነጆንያቸው፣ የቴሌግራሙን መልእክት አትሜ፣ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ፣ የቴሌግራም መልእክቱ፣ የሁለቱ ዲስኮች ፎቶግራፍ
ግልባጭ፦ እስከ ዓርብ ለማንም አይላክም