ሕፃናቱን ለምትረከበው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ከሰኞ ጀምሮ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ አራት ሕፃናትን በኃላፊነት እንደምትረከቢ የገለጽሽበት ደብዳቤ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። በዚሁ ሥራ 22 ዓመት ስላሳለፍኩ ብዙ ዓይነት ምክር ጠብቀሽ ይሆናል፤ እኔ ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ ሳስብ ሰነበትኩ፤ እርሱም ሕፃን ከሁሉ በፊት የሚያድገው በሚያውቀውና ምላሽ በሚሰጠው ሰው እጅ መሆኑ ነው።

የሥራ ቦታችን መጠሪያ ሁልጊዜ ቅር ያሰኘኛል። «ማቆያ» ሲባል ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ አደራ የተሰጠ ነገር ሳይጎድል የሚጠበቅበት ስፍራ ይመስላል። ዕቃ ይቆያል፤ ሕፃን ግን አይቆይም፤ ጠዋት እናቱ ካስረከበችሽ ልጅ ማታ የምትወስደው ልጅ በጥቂቱም ቢሆን አድጎ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሕፃን አንጎል በየሰከንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶችን እንደሚፈጥር ተመራማሪዎች ይገምታሉ፤ ከእነዚህም ደጋግመው የሚሠሩት ይጸናሉ፣ ሥራ ያጡት ይከስማሉ። እንግዲህ ድምፅ ሲያሰማ ድምፅ የሚመልስለት፣ ጣቱን ወደ መስኮቱ ሲቀስር «አዎ፣ ወፏን አየሃት!» የሚለው ሰው መኖሩ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አስቢው።

ብዙ ሰው ትምህርቱ የሚጀመረው ምንጣፍ ላይ መጫወቻ ሲዘረጋ ይመስለዋል፤ ዳይፐር መለወጥን፣ ማብላትንና ማስተኛትን ደግሞ ቶሎ አልቀው ወደ ዋናው ሥራ የሚያሳልፉ ግዴታዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው የሃንጋሪያዊቷ የሕፃናት ሐኪም የኤሚ ፒክለር ሥራ ነው። ፒክለር እ.ኤ.አ. በ1946 በቡዳፔስት ከቤተሰባቸው ለተለዩ ሕፃናት ማሳደጊያ ስታቋቁም፣ ተንከባካቢዎቹ ሕፃኑን በሚያጥቡበትና በሚያለብሱበት ሰዓት ሙሉ ትኩረታቸውን ለእርሱ ብቻ እንዲሰጡ፣ ከመንካታቸው በፊትም ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ነግረውት ምላሹን እንዲጠብቁ አሠለጠነቻቸው። አድራጎቱ ሲታይ ቀላል ነው፤ «አሁን እግርህን ላነሣ ነው» ትዪዋለሽ፣ ከዚያም ትንሽ ትጠብቂያለሽ። ይህን በየዕለቱ የሚሰማ ሕፃን አንድ ቀን ገና እጅሽ ሳይደርስ እግሩን ራሱ ሲያነሣልሽ ታያለሽ፤ ቃሉን ከድርጊቱ ጋር አያይዟል፣ ተራውን ጠብቋል፣ በገዛ አካሉ በሚደረገው ነገርም ድርሻ እንዳለው ተረድቷል። በቀን አራት ጊዜ ዳይፐር የሚለወጥለት ልጅ በ250 የሥራ ቀናት ውስጥ 1,000 ጊዜ ከአንቺ ጋር ለብቻው ይሆናል፤ ከዚህ የበለጠ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ማን ሊሰጠው ይችላል?

በጥንቃቄ እንድትይዢው የምለምንሽ ሌላው ሰዓት የመለያያው ሰዓት ነው። ከስምንት ወር ገደማ ጀምሮ፣ በተለይም ወደ አንድ ዓመት ሲጠጋና ካለፈ በኋላ፣ ሕፃን ከሚያውቀው ሰው ሲለይ በጣም ይጨነቃል፤ አንዳንዱ ተቀማጥሏል ይለዋል፣ እኔ ግን የራሱን ሰው ከሌላው ለይቶ መውደድ እንደቻለ አድርጌ አየዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት የአሥራ አራት ወር ልጅ ተረክቤ ነበር። እናቱ ስትሄድ እንዳያለቅስ፣ በመጫወቻው እንደተያዘ ቀስ ብላ እንድትወጣ የመከርኳት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ያለ ለቅሶ ስላለፈ ምክሬ የሠራ መሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ልጁ መጫወቻ መንካት ተወ፤ ጠዋት ጠዋት የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ ዓይኑን ከእርሷ አይነቅልም፤ ከሄደች በኋላም በሩ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ዓይኑን ወደ ሌላ ነገር ካዞረ እናቱ እንደምትጠፋ ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። ስህተቴ ሲገባኝ እናቱን ይቅርታ ጠይቄ ሌላ መንገድ ያዝን፤ ትስመዋለች፣ «እሄዳለሁ፣ ከእንቅልፍህ ስትነሣ እመጣለሁ» ትለዋለች፣ ትሄዳለች፤ እርሱ ያለቅሳል፣ እኔም ለቅሶው እስኪበርድ ይዤው እቀመጣለሁ። ወደ መጫወቻው እስኪመለስ ድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ስለዚህ ከልጁ ተደብቆ ሊወጣ የሚሞክር ወላጅ ስታዪ በትሕትና አስቁሚው፤ ለቅሶውን አትፍሪው።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢና ከእርሱ ጋር የሠራችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሜሪ ኤንስወርዝ እንዳስረዱት፣ ሕፃን የሚተማመንበት ሰው ካለው እርሱን መነሻ አድርጎ ራቅ ብሎ ይመረምራል፣ ሲደነግጥም ወደ እርሱ ይመለሳል። በማቆያ ውስጥ ይህ ሰው አንቺ ነሽ፤ የእናቱን ቦታ አትወስጂም፣ እርሷ እስክትመለስ ግን የሚጠጋበት ሰው ያስፈልገዋል። ሠራተኛ በየሳምንቱ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር ዝም የማልለውም በዚህ ምክንያት ነበር። በእንግሊዝ አገር ደንቡ ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሦስት ሕፃናት ቢያንስ አንድ ተንከባካቢ እንዲኖር ያዛል፤ ለእያንዳንዱ ልጅም ዋና ተንከባካቢ እንዲመደብለት ያስገድዳል። ለአንቺ የተሰጡሽ አራት ናቸውና ሸክሙ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ አምስተኛ ሊጨምሩብሽ ቢያስቡ ግን ስለ ራስሽ ድካም ብለሽ ባይሆን እንኳ ስለ ሕፃናቱ ብለሽ ተናገሪ።

ስልክሽን ከክፍሉ ውጪ አስቀምጪው። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ከሕፃናቸው ጋር ይጫወቱ የነበሩ እናቶች ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ያለ አንዳች ስሜት እንዲያቆሙ አደረገ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ፈገግ እያሉና ድምፅ እያሰሙ እናታቸውን ሊመልሱ ሞከሩ፤ አልሆን ሲላቸው ተረበሹ፣ ፊታቸውንም አዞሩ። ዓይኑን ስልክ ላይ ተክሎ ጡጦ የሚይዝ ተንከባካቢ ባየሁ ቁጥር የሚታሰበኝ ይህ ነው።

ስለ ቀረው ነገር አላበዛብሽም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ሕፃን ማናቸውንም ስክሪን አይመክርም፤ በወንበር ወይም በጋሪ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይም ያሳስባል። ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ ይተኛ፤ ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው አስተኚው። ፊደል በግድግዳ ላይ እንድትለጥፊ የሚጠይቁሽ ወላጆች ይኖራሉ፤ ለጥፊላቸው፣ ነገር ግን የአሥር ወር ልጅ ከግድግዳው ይልቅ ፊትሽን እንደሚያነብ አስረጃቸው።

ወላጆችን የሥራሽ አካል አድርጊያቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የተጀመረውና 123 ልጆች የተሳተፉበት የፔሪ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ጥናት እስከ 40 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ተከታትሏቸው፣ ትምህርቱን ያገኙት ካላገኙት የተሻለ ኑሮ እንደነበራቸው አሳይቷል። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለዚህ ውጤት ነው፤ መምህራኑ በየሳምንቱ ወደየልጁ ቤት እየሄዱ ከእናቶቹ ጋር ይሠሩ እንደነበር ግን ብዙም ሲነገር አልሰማም። አንቺ ወደየቤቱ መሄድ ባትችዪ እንኳ ማታ በር ላይ «ደኅና ዋለ» ብለሽ አታሰናብቻቸው፤ ያየሽውን አንድ ነገር ንገሪያቸው፣ ለምሳሌ ዛሬ ክዳኑን ከሣጥኑ ለመግጠም ስንት ጊዜ እንደሞከረ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ ጻፊልኝ። አራቱም እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሚያንቀላፉ፣ ማን ጆሮውን እንደሚያሽ፣ ማን እጅ መያዝ እንደሚፈልግ፣ ማን ብቻውን ቢተዉት እንደሚመርጥ ለይተሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ