አወቀችው ወይስ አላወቀችውም? ለፊልም ክፍል ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያው የፊልም ክፍል ኃላፊ፣

እስካሁን ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። ለሦስቱም «ለሰጡን አስተያየት እናመሰግናለን» የሚል መልስ ደረሰኝ። አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም። ስለዚህ አራተኛውን ሰው ሁሉ እያየው ልጽፍልዎ ወሰንኩ።

ጉዳዩን ያውቁታል፤ ግን ላስታውስዎ። እሑድ ማታ የቻርሊ ቻፕሊንን «ሲቲ ላይትስ» አሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣ፣ 87 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ፊልም ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች። «ጥቁርና ነጭ? ደግሞ አያወሩም?» አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መሬት ላይ ተቀምጣ አፍጥጣ ቀረች። ቦክስ ግጥሚያው ላይማ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው፦ ጎዳና ተዳዳሪው ቻፕሊን አንዲት ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ ይወዳል። እሷ ሀብታም ይመስላታል። ለዓይኗ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ሰጥቷት እሱ እስር ቤት ይገባል። ሲፈታ ልብሱ ተበጫጭቋል። እሷ ዓይኗ በርቶ የአበባ ሱቅ ከፍታለች። በመስታወቱ በኩል ሲያያት ደርቆ ይቀራል። እሷ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ትስቅበታለች። ከዚያ አዝናለት አበባና ሳንቲም ይዛ ትወጣለች። እጁን ይዛ ሳንቲሙን መዳፉ ላይ ታስቀምጣለች። ጣቶቿ እዚያው ቀጥ ይላሉ። ያን እጅ ያውቁታላ!

እዚህ ላይ ቆረጣችሁት።

የሳሙና ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ የዜናው ሙዚቃ። የቀረው ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «ከዚያስ? አወቀችው?» አለችኝ።

ቻፕሊን እኮ ዓለም ሁሉ ወደሚናገር ፊልም ሲሮጥ «አላናግርም» ብሎ ድርቅ ያለ ሰው ነው። ሁለቱ መጀመሪያ የሚገናኙበትን ትዕይንት 342 ጊዜ አስቀርጾታል ይባላል። ዓይነ ስውሯ ይህን ምስኪን እንዴት ሀብታም ነው ብላ እንደምታስብ ያለ ቃል ማሳየት ነበረበት። መላው የመኪና በር ሆነ፤ ሲዘጋ ትሰማለች፣ በቃ። ያንን ያህል የተለፋበትን ፊልም መጨረሻ እኔ በአፌ ልተርክ? ምን ላድርግ፣ ተረክሁ። «እጁን ስትነካ አወቀችው» አልኳት። «እና?» «እና... ተያዩ።» ልጄ ተነስታ ሄደች።

በማግስቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ትሁት ነው። «ፊልሙ እኮ ኢንተርኔት ላይ አለ» አለኝ። «ዜናውም አለ» አልኩት። ዝም አለ።

ዜናው መዘግየት አይችልም እንዳይሉኝ። እግር ኳስ ጭማሪ ሰዓት ሲገባ 30 ደቂቃውን ሙሉ፣ ፍጹም ቅጣት ምቱም ተጨምሮ፣ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ጨዋታ ሊገባደድ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? ሞክሩትና የሚደርሳችሁን ስልክ ቁጠሩ።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። እርስዎ ግን የደራሲያንን መብት የሚያስጠብቀውን ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት፣ አንቀጽ 6 ቢስን፣ ሳያውቁት አይቀሩም። ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲዛባና ሲቆራረጥ ደራሲው እንዲቃወም መብት የሚሰጠውን ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሮም ላይ ሲጨመር ቻፕሊን ይህንኑ ፊልም ለመሥራት እየተሰናዳ ነበር። አሁን በሕይወት የለም፣ ደውሎ አይቃወምዎትም። ለዚህ ይሆን የደፈራችሁት?

ምስሉን በጎን ጎትታችሁ ቀጭኑን ሰውዬ በርሜል ማድረጋችሁንስ? እሱን በሁለተኛው ደብዳቤ ጽፌዋለሁ። የኮሪያውን ፊልም «ፓራሳይት»ን ስታሳዩ ግርጌ ላይ የሚሮጠው ጽሑፍ የትርጉሙን ጽሑፍ ሸፍኖት እንዳመሸ ደግሞ በመጀመሪያው።

አሮጌ ነገር ሁሉ ወርቅ ነው የምል ሰው አይደለሁም። «ሲቲዝን ኬን»ን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ አንጀቴን ግን በልቶት አያውቅም። አዲስ ነገርም አልጠላም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ቼርኖቤል» በአምስት ክፍል ጨርሶ እንቅልፍ ነስቶኛል። የሁለት ሰዓት ታሪክ ይዘው እንደ ማስቲካ አሥር ክፍል የሚጎትቱት አሉ፣ እነሱን ነው የማልችላቸው። በዚያው ዓመት የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ትልቁን የሌሊት ውጊያ ከጨለማው የተነሳ በድምፅ ነው የተከታተልኩት። ይህኛው እንኳ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ቢያንስ እዚያ ያጨለመው የሠራው ሰው ነው።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ፊልሙን ቀንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተናግራችሁ፣ ምስሉን በጎን ሳትጎትቱት፣ እስከ መጨረሻው አሳዩት።

ኢንተርኔት ላይ ለልጄ ላሳያት እችል ነበር። እስካሁን አላሳየኋትም። ግትርነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያቋረጣችሁባት እናንተ ናችሁ፤ እናንተው ጨርሱላት። ትናንት ማታም ሪሞቱን ይዛ «ዛሬስ ይቀጥላል?» ብላኛለች።

ተመልካችዎ