ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ካይላሽ ተራራ

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ?

የላክልኝን፣ ቲቤት ውስጥ ያለውን የካይላሽ ተራራ ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «6,638 ሜትር ሆኖ እንዴት እስካሁን ማንም አልወጣውም?» ብለኸኝ ነበር። አቅም ጠፍቶ አይደለም። ኤቨረስትን ያለ ኦክስጅን የወጣው ራይንሆልድ ሜስነር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዕድሉን አግኝቶ ራሱ ተወው። ተራራው ለቲቤት ቡድሂስቶች፣ ለሂንዱዎች፣ ለጃይኖችና ቦን ለሚባለው የቲቤት ጥንታዊ እምነት ተከታዮች ቅዱስ ነው። ምእመናኑ ጫፉን አይመኙም፤ ዙሪያውን ነው የሚዞሩት። 52 ኪሎ ሜትር ገደማ! አንዳንዱ በቁመቱ መሬት ላይ እየተዘረጋ፣ እየተነሳ፣ እንደገና እየሰገደ ይጨርሰዋል። መንገዱ ላይ ያለው የዶልማ ላ መሻገሪያ ደግሞ ከ5,600 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ መተንፈስ ራሱ ሥራ ነው። ታቦት ቤተ ክርስቲያን ሲዞር እያየህ ስላደግህ፣ የመዞርን ክብር ለአንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

እኔን የያዘኝ ግን የሚላሬፓ ታሪክ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደ ቲቤታዊ የቡድሂስት ባሕታዊ ነው። አባቱ ሲሞት አጎቱና አክስቱ ንብረታቸውን ወሰዱባቸው። እናቱ «ሂድና አስማት ተማር፣ ተበቀልልኝ» አለችው። ተማረ። ለሠርግ በተሰበሰቡበት ቤቱን አፈረሰባቸው፤ በገድሉ እንደተጻፈው 35 ሰው አለቀ። የእናቱ በደል እውነት ነው፣ አንጀት ይበላል። ልጇን የበቀል መሣሪያ ማድረጓን ግን ይቅር አልላትም።

ከዚያ በኋላ ጸጸት አላስቀምጥ አለው። መምህሩ ማርፓ ግንብ እያስገነባ መልሶ አስፈረሰው። በመጨረሻም ዋሻ ገብቶ ሳማ እየቀቀለ በላ።

ካይላሽ ላይ የምናገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ናሮ ቦንቹንግ የሚባል የቦን መምህር «ተራራው የእኛ ነው» አለው። ቀድሞ ጫፉ ላይ የደረሰ እንዲወስደው ተስማሙ። ናሮ ገና ሳይነጋ ከበሮው ላይ ተቀምጦ ወደ ሰማይ በረረ። የሚላሬፓ ተማሪዎች ጨነቃቸው። እሱ ግን ዝም ብሎ ጠበቀ፤ ፀሐይ ስትወጣ ከጮራዋ ጋር ጫፉ ላይ ተገኘ። ናሮ ደንግጦ ከነከበሮው ወደቀ።

የቡድሂስቶቹ ትረካ ይህ ነው። ልቤን የነካው ከድሉ በኋላ ያለው ነው። ሚላሬፓ ተሸናፊውን አላባረረውም። አንድ እፍኝ በረዶ ወደ ጎረቤት ተራራ ወረወረና «ያ የእናንተ ይሁን፣ ከዚያ ሆናችሁ ካይላሽን እዩት» አለው። ቡድሂስቶቹ ተራራውን በቀኝ አድርገው ይዞራሉ፤ ቦኖቹ ዛሬም በተቃራኒው። መንገድ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ስለ አባትህ ቦታ በስልክ እንዴት እንደተቆጣህ ሰምቻለሁ። ለአጎትህ አትደውልለት። ጉዳዩን በሽማግሌ ይዘነዋል፤ ድርሻህንም እጠይቅልሃለሁ። አንተን ግን ለጠብ አልልክህም።

እናትህ