ኮሶውን በስሙ ጥሩልን

ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን ፓርኮችና የእጽዋት ስፍራዎች ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዛፎች ሥር የተተከሉ የስም ሰሌዳዎችን ይመለከታል

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

የገና ማግስት ሰባት ሆነን፣ ምሳችንን በአገልግል ይዘን፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉት ሰፋፊ የእጽዋት ስፍራዎች ወደ አንዱ ወጥተን ነበር። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ስሙን ብጠራ ደብዳቤው ክስ ይመስላል፤ እኔ ደግሞ የመጣሁት በልመና ነው። የመንገዱን አቧራና የመጸዳጃ ቤቱን ነገርም አላነሳም፤ እሱን ሌላ ሰው ሳይጽፍልዎ አይቀርም።

ቦታው ያምራል። ከባሕር ዛፉ ወጥቶ ወደ ጥዱ ጥላ የገባ ሰው አየሩ ራሱ እንደተለወጠ በአፍንጫው ያውቃል። በምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት ያመጣው ባሕር ዛፍ ኮረብታዎቻችንን ከለበሳቸው ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሀገር በቀሎቹን መልሶ እዚያ ማጽደቅ የስንት ሰው ድካም እንደሆነ አላጣሁትም፤ ለተከሉት እጅ እነሣለሁ።

የእኔ ነገር የተጀመረው ከአንድ ዛፍ ሥር ነው። ግንዱ ቀላ ያለ፣ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚረግፍ፣ ከቅርንጫፎቹ ደግሞ ቀይ የአበባ ዘለላ የተንዠረገገ ነበር። የ9 ዓመት ልጄ ሮጣ ሰሌዳው ፊት ቆመችና በላቲን ፊደል የተጻፈውን እየነጠለች አነበበች፦ «ሀ-ጌ-ኒያ አ-ቢ-ሲ-ኒ-ካ»። ከሥሩ የወገኑ ስም አለ፤ «ሮዛሲዬ»። ሌላ አንድ ቃል የለም።

እናቴ በምርኩዟ ቀስ ብላ ደረሰችና ቀና አለች። «ይኼማ ኮሶ ነው።»

ልጄ ሰሌዳውን ደግማ አየች። «እማማ፣ ኮሶ አይልም እኮ።»

«እሱ ባይል እኔ ጠጥቼዋለሁ!»

እዚያው ሥሩ ተቀመጥን። እናቴ ቀዩ የሴቴው አበባ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ እንዴት እንደሚጠጣ ነገረቻቸው። አባቷ ኮሶ በሚጠጡበት ቀን ቤቱ ጸጥ እንደሚል፣ እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ተብሎ ከደጅ እንደሚመለስ አወራች። አፋቸውን እንዴት ያጨማድዱ እንደነበር ስታሳያቸው ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ትሉም ኮሶ፣ መድኃኒቱም ኮሶ መባሉን ሲሰሙ ታላቁ ልጄ ዝም አለ፤ ለካ በዋዜማው ሳይሆን በበዓሉ ዕለት ከአጎቱ ጋር የበላውን ጥሬ ሥጋ እያሰበ ኖሯል።

ላቲኑ ይነሣ አላልኩም። እንዲያውም «ሮዛሲዬ» ማለት የጽጌረዳ ወገን እንደሆነ ስነግራት እናቴ ተገርማ ወደ ቀጋው ቁጥቋጦ እያመለከተች «ታዲያ እነዚህ ዘመዳሞች ናቸዋ!» አለች። ናቸው። ቀጋም ያው ወገን ነው። ሰሌዳው ያውቀው የነበረውን እናቴ አታውቅም፤ እናቴ የምታውቀውን ደግሞ ሰሌዳው አያውቅም። ወሬያችንን ቆሞ ይሰማ የነበረው ጥበቃ፣ የአካባቢው ተወላጅ ነው፣ «እኛ በኦሮምኛ ሄጦ ነው የምንለው» አለና ወይራውን «ኤጄርሳ»፣ እንዶዱን «አንዶዴ» እያለ ልጆቹን አስጠናቸው። በዚያ ቀን ያገኘነው አስጎብኚ እሱ ብቻ ነበር፤ ሥራው ግን በር መጠበቅ ነው።

እንዶዱ ሥር ያለው ሰሌዳም «ፋይቶላካ ዶዴካንድራ» ብሎ ያበቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን፣ የቢልሃርዝያ ምርምራቸውም ከዚያ መነሣቱን በሁለት መስመር መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል? እናቴ ነጠላዋን በእንዶድ አጥባ ያደገች ሴት ናት። ያንን ታሪክ የሰማችው ከእኔ፣ እዚያው ቁጥቋጦው አጠገብ ቆማ ነው። «ታዲያ እኛን ለምን አልጠየቁንም?» ነው ያለችው። ጠይቀዋል ማለት ይቻላል፤ አጣቢዎቹን አይተው ነውና።

የምለምነው ይህን ነው። ሰሌዳዎቹ ሲታደሱ ከሳይንሳዊው ስም በላይ፣ በትልቁ፣ የአማርኛውና የኦሮምኛው ስም ይጻፍ። ከሥሩ ተክሉ ቤት ውስጥ ለምን እንደሚውል አንድ መስመር ይጨመር፤ ወይራው ለእንስራና ለወተት ዕቃ ማጠኛ፣ ጌሾው ለጠላና ለጠጅ። ፊደሉ የእናቴ ዓይን የሚያየው ይሁን። ዳገቱ ላይ አንድ ሁለት አግዳሚ ወንበር ቢጨመር ደግሞ አልጠላም። ባለሙያ መቅጠሩ ውድ ከሆነ በበዓል ሰሞን የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የውሎ አበል ከፍሎ ማስጎብኘት ይቻላል። ጥበቃውን ከበሩ አንሥቶ አስጎብኚ ማድረጉንም ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

በመመለሻችን ልጄ ከደብተሯ ወረቀት ቀድዳ እናቴ የምትነግራትን መዝግባለች። 31 ተክሎች ናቸው፤ አንባቢም እንዲያየው ሳይሆን እርስዎ እንዲጠቀሙበት ግልባጩን ከዚህ ጋር ለቢሮዎ ልኬአለሁ። የፊደል ግድፈቱን አላረምኩትም። በተራ ቁጥር 19 ላይ ባዶ ቦታ አለ። ሰሌዳው የወደቀበት፣ ቅጠሉ ጠባብ፣ ከጅረቱ ማዶ ያለ ቁጥቋጦ ነው፤ እናቴም ጥበቃውም አላወቁትም። ለሚያውቅ ሰው ለማሳየት ቅጠሉን ይዘን አልወጣንም፤ መቁረጥ ክልክል ነው የሚለው ማስታወቂያ በአማርኛ ተጽፏል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የከተማዋ ነዋሪ