ጉልበቴን አልታመምኩም ነበር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ደሴ።

እንዴት ነሽ እማዬ? ደረትሽስ እንዴት ነው? ክረምት ላይ የጦሳ ጉም ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው ሌሊት ሌሊት ደረትሽ ማፏጨት እንደሚጀምር አውቃለሁ። እዚህ አዲስ አበባ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚታሰበኝ እሱ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ሕፃናት ኳስ አሠለጥናለሁ፣ እነሱ ሲሮጡ ሳይ ቀኔ ብሩህ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ ታናሼ ታነብልሻለች። ቀስ ብላ ታንብብ፤ አንቺም እስኪያልቅ አታቋርጫት። በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ደውዬ ነበር፣ ሦስቴም ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን ዘጋን።

ባለፈው እሑድ ታናሼ "እማዬ ለመስከረም 21 ግሸን ልትወጣ ነው፣ ሸራ ጫማም ገዝታለች" አለችኝ። በዚህ ደረቷ? አልኳት። "ስለት አለባት" አለችኝ። የምን ስለት? "የጉልበትህ ነዋ! ልጄን ከጉልበቱ ካሻርሽልኝ ዣንጥላ ይዤ እመጣለሁ ብላ ተስላ የለ እንዴ።" ስልኩን ዘጋሁት። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

እማዬ፣ ጉልበቴን ታምሜ አላውቅም። ዋሽቼሽ ነው።

ይቅር በይኝ። ግን ለምን እንደዋሸሁሽ ከሥሩ ልንገርሽ።

ያ ኮሮና የገባ ጊዜ ትዝ ይልሻል። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ተገኘ የተባለው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። የእንግሊዝ ሊግም መቆሙ የተነገረው በዚያው ዕለት ነው። የኛም ኳስ ቆመ፤ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ፋሲካን በር ዘግተን ዋልን፣ አንቺ ቅዳሴውን ከቴሌቪዥን እየሰማሽ በነጠላሽ ጫፍ ዓይንሽን ትጠርጊ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ እንኳ፣ በረመዳን የማፍጠሪያ ሾርባቸውን ይዘው ሳያንኳኩ ዘው የሚሉት ሴት፣ በአጥር ላይ ሆነው "ደህና አደራችሁ ወይ?" ብለው ይመለሱ ነበር። አንቺ አስም እንዳለብሽ ስለሚያውቁ ነው። እሳቸው ያን ያህል ከተጠነቀቁልሽ እኔ ልጅሽ ምን ላድርግ?

ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ኳስ የሌለበትን የኳስ ወሬ ስከታተል ከረምኩ። ግንቦት ላይ እንግሊዞች "ወደ ልምምድ እንመለስ" አሉ። ዋትፎርድ የሚባል ክለብ አለ፣ ያኔ አምበሉ ትሮይ ዲኒ ነበር። ግዙፍ አጥቂ ነበር፣ ተከላካዮች ገፍተው የማይጥሉት ዓይነት። ይህ ሰው "አልመጣም" አለ። የአምስት ወር ልጅ አለው፣ ሕፃኑ መተንፈስ ያስቸግረዋል፣ ከልምምድ በሽታ ይዤ ቤቴ አልገባም ነው ነገሩ። ደግሞ በሽታው እዚያ በሚኖሩ ጥቁሮችና የእስያ ተወላጆች ላይ ይብስ ነበርና ስለሱስ ምን አስባችኋል ብሎ ጠየቀ። ፀጉር ቤት ሄጄ መቆረጥ ገና አልተፈቀደልኝም፣ ታዲያ ከ19 ሰው ጋር ጎል ፊት ተጣብቄ ለቴስታ ስዘል ምንም አይልም? ብሎም ጠየቀ። የሚመልስለት አጣ።

እኔ ይህን ሳነብ አንቺ ጓዳ ሆነሽ ታስያለሽ።

ሰዉ ግን ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? ፈሪ አሉት። ይህን ሁሉ ገንዘብ እየበላ አሉት። "ልጅህን ኮሮና ይያዘው" ብሎ የጻፈለትም አለ። እስቲ አስቢው እማዬ፣ የአምስት ወር ሕፃን! እሱ ግን ጥያቄዎቹ መልስ እስኪያገኙ ቤቱ ቆየ፣ ሲያገኙ ተመለሰ። አንዳንድ ሰው ይህን ሁለተኛውን ክፍል አያወራም። ያኔ ቼልሲ ለሚባለው ክለብ ይጫወት የነበረው ካንቴም እንደዚሁ ፈርቶ ቀርቶ ነበር። ወንድሙ በልብ ሕመም ሞቶበታል፣ ራሱም አንዴ ልምምድ ላይ ራሱን ስቶ ወድቋል። ክለቡ አልተቆጣውም፣ ቤትህ ተለማመድ አለው።

ከሁሉ አንጀቴን የበላው ግን አሜሪካዊው ነው፣ ራያን ዚመርማን። ጨዋታው ቤዝቦል ይባላል፣ የኛን የገና ጨዋታ ብታስቢ ትንሽ ይቀርባል፣ ዱላና ኳስ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን ከቡድኑ ጋር ዋንጫ በልቷል። ሰኔ 2012 ላይ "ዘንድሮ አልጫወትም" አለ። ሦስት ትንንሽ ልጆች ነበሩት፣ አንዱ ገና ጨቅላ፣ እናቱ ደግሞ ለብዙ ዓመት የቆየ የነርቭ ሕመም ነበረባቸው። ስለ ቤተሰቡ ሲል የዚያን ዓመት ደሞዙን ተወው። ስለ እናቱ ሲል እማዬ! ይህን ያነበብኩ ቀን አንቺን ልጠራሽ ፈልጌ ነበር፣ "ነይ እዪ፣ አንድ ፈረንጅ ለእናቱ ብሎ..." ልልሽ። ልብሽ እንዳይጠረጥር ብዬ ተውኩት።

አንድ የካናዳ ልጅ ደግሞ አለ፣ ዱቬርኔ ታርዲፍ፣ ያኔ ኳሱን በእጅ የሚይዙትን የአሜሪካ እግር ኳስ ይጫወት ነበር፣ ሐኪምም ነው። እሱም ከቡድኑ ጋር ዋንጫ ባነሳ በወራት ውስጥ ሜዳውን ትቶ አረጋውያን ማቆያ ውስጥ ማገልገልን መረጠ። አንቺ ብትሰሚ "እናቱ ትባረክ" ትይው ነበር።

ከዚያ ተራው የኔ ሆነ።

ጥቅምት 2013 ላይ ክለባችን ካምፕ ግቡ አለን። ሄጄ አየሁት። ለስድስት ሰው አንድ ክፍል፣ አልጋው ተደራራቢ፣ መስኮቱ በምስማር የተመታ። ሜዳው ዳር ያቺው የድሮዋ ቢጫ ጀሪካን ቆማለች፣ አንገቷ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ በሲባጎ ታስራለች። አንዱ ሮጦ መጥቶ ግጥም አድርጎ ይጠጣል፣ ከንፈሩን በክንዱ ይጠርጋል፣ ኩባያዋን ለሚቀጥለው ያቀብላል። ሃያ ሁለት ሰው እስኪጠጣ ቆሜ ቆጠርኩ። እኔ ጋ ስትደርስ ጠርዟ ርጥብ ነው። አልጠማኝም ብዬ አሳለፍኳት።

ለኃላፊው ሄጄ ነገርኩት። ምርመራ አለ ወይ? "ሙቀት እንለካለን።" ከልምምድ በኋላ ወደ ቤት መመላለስስ? "ካምፕ ነዋሪ ሁን፣ እሑድ እሑድ ቤትህ ሂድ።" እናቴ አስም አለባት፣ እሑድ ይዤላት የምሄደውን አላውቅም አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፣ "ሁሉም እናት አለው" አለኝ። እኔም እኮ ያልኩት እሱኑ ነው! ሁሉም እናት ስላለው ነው ኩባያዋን ለየብቻ አድርጉልን፣ አስመርምሩን፣ መስኮቱን ክፈቱልን ያልኩት። "ኳስ የፈራ ሌላ ሥራ ይፈልግ" ብሎ አሰናበተኝ።

የፈረንጆቹና የኔ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። እነሱ ሲጠይቁ ቢያንስ የሚመልስ ሰው ነበራቸው፣ የተጫዋቾች ማኅበር ነበራቸው፣ በሳምንት ሁለቴ ይመረመሩ ነበር። እኔ የነበረኝ እግሬ ነው፣ እሱን ይዤ ወጣሁ። የቀሩት ጓደኞቼ ላይ አልፈርድም፣ አንዳንዱ አምስት ስድስት ሰው ያስተዳድራል፣ ያ ደሞዝ ቢቀር ቤቱ ጾሙን ያድራል። በወሩ ሁለቱ በሳል ወደቁ። ምን እንደነበረ ማንም ሳይመረምራቸው ተሻላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ውሸቴ ጋ ደረስን። እውነቱን ብነግርሽ ምን እንደምትዪ አውቅ ነበር። "በኔ ምክንያት እንጀራህ አይቆረጥም" ብለሽ በማግስቱ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ኩታበር አክስቴ ጋ ትሄጂ ነበር። በዚያ ብርድ፣ ከሐኪም ርቀሽ። ስለዚህ ቤት ስገባ እያነከስኩ ገባሁ። "ጉልበቴን ጎድቶኝ ነው፣ ዘንድሮ አልጫወትም" አልኩሽ።

አንቺ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሽም። ቅቤ አቀለጥሽ። ፌጦ ወቀጥሽ። እግሬን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ታሺኝ ጀመር። ያ እጅሽ እማዬ፣ አውራ ጣትሽ ላይ ያለችው የቢላ ጠባሳ፣ ጉልበቴ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል አሁንም ትታየኛለች። እያሸሽኝ ትንፋሽ ሲያጥርሽ ትቆሚያለሽ፣ ሰማያዊዋን የአስም ፓፍ ሁለቴ ትስቢያለሽ፣ ከዚያ ደግሞ ትቀጥያለሽ። ደህናውን ጉልበቴን። ሦስት ሳምንት ሙሉ። ጥርሴን ነክሼ እቀመጥ ነበር፣ አንቺ ሕመሙ መስሎሽ "አይዞህ ልጄ" ትዪኛለሽ። አንድ ቀን ተዘናግቼ ግራውን ዘረጋሁልሽ። "ቀኙ አልነበረም እንዴ?" አልሽኝ። ሁለቱንም ነው አልኩሽ። እንግዲህ ስለቱን የተሳልሽው ያኔ መሆን አለበት።

ከዚያ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ድረስ መጣ፣ ያሳለፍነውን አንቺም እኔም እናውቀዋለን፣ ከዚያ በኋላ የኔን ጉልበት ማን ያስታውሳል ብዬ ተውኩት። አንቺ ለካ አልረሳሽም።

አልቆጨኝም ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርብሽም። ቆጭቶኛል። 24 ዓመቴ ነበር፣ የእግሬ ወርቃማ ጊዜ ነው። የኛ ትልቁ ሊግ በዲኤስቲቪ መታየት የጀመረው ካምፑን በተውኩበት በ2013 ነው። በኋላ ከጎኔ ይተኛ የነበረ ልጅ በቴሌቪዥን ሲጫወት እዚያው ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አየሁት። ጎል ሲያገባ ቤቱ ሁሉ ጮኸ፣ እኔም ከልቤ ጮህኩለት፣ ከዚያ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። እየሄድኩ ቤት ስደርስ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ከእትዬ ጋር ትስቂያለሽ። ሳቅሽ ሳያሳልሽ እስከ መጨረሻው ሄደ። ነገ ያ በሽታ ተመልሶ ቢመጣ እንደገና ያንኑ ነው የማደርገው። ፈሪ ይበሉኝ፣ ዲኒንም ብለውታል።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። በዚህ ደረት ያንን የግሸን ዳገት አትውጪ። ስለቱ የኔ ነው፣ ዕዳውም የኔ ነው። የነፍስ አባትሽን ጠይቂልኝ፣ ባልታመመ ጉልበት የተሳሉት ስለት እንዴት ነው የሚሆነው በያቸው። ውሸቱንም አትደብቂ፣ የኔ ጥፋት መሆኑን ንገሪያቸው። ዣንጥላ ይግባ ካሉ መርካቶ ሄጄ አይቻለሁ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ አለ፣ ዋጋውን ተስማምቻለሁ። መስከረም 18 ደሴ እገባለሁ፣ ዣንጥላውን ተሸክሜ በዚሁ ጉልበቴ እወጣለሁ። ጠበሉን ይዤልሽ እመለሳለሁ። አንቺ ከእትዬ ጋር ቡናሽን አፍልተሽ ጠብቂኝ።

ሸራ ጫማውን ለታናሼ ስጫት፣ አብራኝ ትውጣ። ልክ ካልሆናት እኔ መጥቼ እቀይረዋለሁ። ፓፏን ከትራስሽ ሥር አትለያት፣ ካለቀች ሳትደብቂ አስደውይልኝ።

እትዬን ሰላም በይልኝ፣ ዱዓቸው እንዳይለየኝ።

ልጅሽ